ሲንሸራተት አታጥብቁት፦ ስለ ቮልስ ፍሪሲዮንና ስለ ገመዱ

ይህ ጽሑፍ አንድ እሁድ ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰብን የቮልስ ባለቤቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ቃሉን ብዙም ሳልነካካው ነው የጻፍኩት። ከተቀመጡት ሰዎች የመጡ ጥያቄዎችንም አስገብቻለሁ።

እንደምን አደራችሁ።

ስገባ ውጭ የቆሙትን መኪኖች ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ቮልስ አለ። ከአሥራ አንዱ አራቱ ጎማቸው ሥር ድንጋይ ተደርጎላቸዋል። የእጅ ፍሬን ጉዳይ ለሌላ እሁድ ይቆየን።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ጣት ነው። መኪናችሁ ውስጥ ቁጭ በሉና የፍሪሲዮኑን ፔዳል፣ ማርሽ ስትቀይሩ በግራ እግራችሁ የምትረግጡትን፣ በእግራችሁ ሳይሆን በእጃችሁ ገፋ አድርጉት። መጀመሪያ ላይ ምንም ሳይከብድ የሚሄዳት አጭር መንገድ አለች። ክብደቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያቺ አጭር መንገድ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር መሆን አለባት። ማስመሪያ ያልያዘ ሰው ጣቱን ይጠቀም፤ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ናት። እኔ ባዶ ጉዞ እላታለሁ። የቮልስን ፍሪሲዮን ሞተር ሳያወርዱ በዓይን ማየት አይቻልም። ስለዚህ ውስጥ ያለውን ነገር የምታወራልን እሷ ናት።

እስቲ እጅ አውጡ። ባለፉት ሦስት ወራት ይህችን ነገር የለካ ማነው? ሁለት እጅ ብቻ። ከሁለቱ አንዱ መካኒክ ነው፤ እሱን አልቆጥረውም።

እኔም ድሮ እጄን ከማያወጡት ነበርኩ። የመጀመሪያዋን ቮልሴን ያገኘሁት ከአጎቴ ነው። ባለ 1300 ሲሲ ሞተር ናት። ቁልፉን ሲሰጠኝ «ዘይቷን እያየህ ንዳት» አለኝ። ስለ ፍሪሲዮን አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔም ዘይቷን በየሳምንቱ አያለሁ፣ በዚያው እኮራለሁ። አንድ ቀን ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን አልሄድ አለች። ነዳጅ ስሰጣት ጩኸቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ያው ነው። ከኋላዬ ያለው ታክሲ ጥሩንባውን አለቅም አለ።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ሥሯ ገባና በአምስት ደቂቃ ወጣ። «ገመዱ ላልቶ ነው፣ አጥብቄዋለሁ» አለኝ። ከፈልኩ። ደስ አለኝ እንጂ ምንም አልጠረጠርኩም። ፔዳሉ ገና ሲነካ ይከብዳል፤ ልክ እንደ አዲስ መኪና። ሁለት ሳምንት አልቆየም። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስሄድ መኪናዋ ውስጥ ያረረ ሽሮና የተቃጠለ ጎማ የተቀላቀለበት ሽታ ገባ። ያን ሽታ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም።

ያኔ ነው ሰዎች ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ የመሩኝ። ሽማግሌው መኪናዋን ማስነሳት እንኳ አልፈለጉም። በሩን ከፍተው ጎንበስ አሉና ፔዳሉን በሁለት ጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ይሄን ማነው ያጠበቀው?» አሉኝ።

«ጋራዥ ነው ጋሼ። ዳገት ላይ ተንሸራተተችብኝ ስላቸው ነው።»

«የተንሸራተተች ጊዜ ገመዱን ያላሏል እንጂ ያጠብቋል እንዴ? አይ ልጄ! ሸራውን በልታችሁ ጨርሳችሁታል።»

«በልታችሁ» ማለታቸው ከነከነኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ነገሩ ገብቶኝ ከእሳቸው ጋር ለመስማማት ሳምንት ፈጀብኝ። እናንተ ዛሬ በአሥር ደቂቃ ትገላገሉታላችሁ።

ሁለት መዳፋችሁን አጋጥሙና በመሃላቸው ወረቀት ያዙ። አንዱ መዳፍ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት ነው፤ ቮላኖ የምንለው። ሌላው መዳፍ በጠንካራ ሞላ ተገፍቶ ወደ ቮላኖው የሚጫነው ሰሌዳ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ዲስኩ ነው። ዲስኩ በሁለቱም ፊቱ ሸራ፣ ማለትም ተፋትጎ የሚይዘው ሽፋን፣ ተለጥፎበታል፤ መሃሉ ወደ ካምቢዮ፣ ማለትም ወደ ማርሽ ሳጥኑ፣ በሚገባው ዘንግ ላይ ተሰክቷል። መዳፎቹ ሲጨብጡት የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማ ይሄዳል። መዳፎቹ ሲለቁት ሞተሩ ለብቻው ይዞራል፤ እናንተም ማርሽ ታስገባላችሁ።

እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። ማንም ሳይነካው ፍሪሲዮኑ በሞላው ጉልበት ጨብጦ ነው የሚኖረው። ፔዳል መርገጥ ማለት ማስለቀቅ ነው። ገመዱም የማስለቀቂያ ገመድ ነው። የእጅ ፍሬን ገመድ ስታጠብቁ ፍሬኑ ይበልጥ ይይዛል። የፍሪሲዮን ገመድ ስታጠብቁ ግን ፍሪሲዮኑ ይበልጥ ይለቃል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ገመድ ቀኑን ሙሉ እግሩን ፔዳሉ ላይ እንዳሳረፈ ሰው ነው። ያ የጋራዥ ልጅ ያደረገው ይህን ነው። የማይታይ እግር አስቀመጠልኝ፤ እኔም ከፍዬ ሄድኩ።

ሁለተኛውን ነገር ልጨምርላችሁ። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ዲስኩ ይሳሳል። ዲስኩ ሲሳሳ የሚጫነው ሰሌዳ ወደ ቮላኖው ይበልጥ ይጠጋል። ሰሌዳውን የሚያስለቅቁት ጣት መሰል ብረቶች እንደ ሚዛን ናቸው፤ አንዱ ጫፍ ወዲያ ሲሄድ ሌላው ጫፍ ወዲህ ይመጣል። ስለዚህ ጫፎቻቸው ወደ ፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ እነሱን ወደሚገፋው ቀለበት፣ ይቀርባሉ። በኩሽኔታውና በጣቶቹ መሃል የነበረው ክፍተት ይጠብባል። ፔዳሉ ላይ ባዶ ጉዞ ሆኖ የሚሰማን በአብዛኛው ያ ክፍተት ነው።

እንግዲህ ገመድ ሲረዝም ባዶ ጉዞው ይጨምራል። ሸራ ሲያልቅ ባዶ ጉዞው ይቀንሳል። ማንም ገመዱን ሳይነካው ባዶ ጉዞዋ እያጠረ የሄደ መኪና ሸራዋን እየበላች ነው። ዛሬ ከዚህ ሌላ ምንም ባትይዙ አይቆጨኝም። ቡና የናፈቀው አሁን መውጣት ይችላል።

ማንም አልወጣም። እሺ እንቀጥል።

በነገራችን ላይ የሰማችኋቸውን ቃላት አስተውሉ። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ። ክሪክ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ ጨምሩበት። ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። መኪናዋ ጀርመን ናት፣ መካኒኩ ሐበሻ ነው፣ ጋራዡ ግን አሁንም ጣልያንኛ ነው የሚያወራው። ጣልያን ሄዳችሁ ፍሪሲዮን ብትሉ የሚገባው ሰው አታጡም።

የምናወራው ስለ ቮልስ መሆኑንም ልብ በሉ። እዚህ ላዳ ያላችሁ አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ። የላዳ ፍሪሲዮን በገመድ ሳይሆን በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው፤ አስተካከሉም ሌላ ነው። የፍሪሲዮን ፔዳል ያላት ቮልስ ግን ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ በገመድ ነች። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ነው። እስከዚያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ከነዚያ ውስጥ ለእኛ ታሪክ የምትቀርበው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ናት። ስለዚያች ቀን ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ሁሌም የማስበው ሹፌሩን ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል፣ ያንን ተሳፋሪ ከኋላ አስቀምጦ፣ ፍሪሲዮኑን እንዴት አድርጎ ለቀቀው?

ወደ ሥራችን እንመለስ።

የከተማችን ነገር ለፍሪሲዮን አይመችም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ የቮልስ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን እዚህ ያጣል። ከጉልበቱ ሲጎድል ሹፌሩ በምን ያካክሳል? ነዳጁን ረግጦ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ በመልቀቅ። በዚያ ላይ ዳገቱ አለ። በዚያ ላይ መጨናነቁ አለ። ቸርችል ጎዳና ላይ መብራት ሲይዘን ስንቶቻችን ነን በፍሬን ሳይሆን በፍሪሲዮን ይዘን የምንቆመው? ሁላችንም። መኪናዋ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሳትል ቀጥ ስትል ጎበዝ ሹፌር የሆንን ይመስለናል። ያ ሁሉ ጉብዝና ከሸራው ላይ ነው የሚቆረጠው።

አሁን ምርመራው። በእግራችሁና በጆሯችሁ የምትሠሩት ስለሆነ መሣሪያ አይጠይቅም።

መጀመሪያ ዳገቱ። መንገዱ ነፃ በሆነበት ሰዓት፣ እሁድ ማለዳ ጥሩ ነው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዳገት ላይ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ ታች ርገጡ። ደህና ፍሪሲዮን ከሆነ ሞተሩ እያቃሰተ ይጎትታል። ያለቀ ከሆነ ድምፁ ብድግ ይላል፣ ፍጥነቱ ግን አይከተልም። ቮልስ ላይ ፍጥነት መቁጠሪያ እንጂ የሞተር ዙር መቁጠሪያ የለም፤ ጆሯችሁን ማመን ነው።

ዳገት ያላገኘ ደግሞ ቆሞ ይሞክር። የእጅ ፍሬኑን በደንብ ሳቡ። ድንጋይ የምታስቀምጡ አራታችሁ ድንጋዩን አስቀምጡ። ፊት ለፊታችሁ ሰውም ግድግዳም አይኑር። ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ትንሽ ነዳጅ እየሰጣችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ተለቆም ሞተሩ መዞሩን ከቀጠለ ዲስኩ እየተንሸራተተ ነው። አንዴ ይበቃል። ይህን ሙከራ የወደደ ሰው ፍሪሲዮኑን በሙከራ ይጨርሰዋል።

ሦስተኛው የኋላ ማርሽ ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ ፔዳሉን እስከ ታች ርገጡና እስከ አምስት ቁጠሩ። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገቡ። ሳይጮህ ከገባ ፍሪሲዮኑ በደንብ ይለቃል። ካንቋረረ በደንብ አይለቅም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ባዶ ጉዞው ከመጠን በላይ ረዝሞ ነው። ገመድ ማጥበቅ ተገቢ የሚሆነው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። ማጥበቅ ማርሽ አልገባ ሲል ነው፤ ሲንሸራተት አይደለም።

ድምፅም አለ። ፔዳሉን ስትረግጡ የሚመጣ፣ ስትለቁት የሚጠፋ የሚያፏጭ ድምፅ ካለ ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ስትረግጡ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወደ ካምቢዮው ተመልከቱ። ያ ሌላ ወጪ ነው፤ ዛሬ እሁዳችሁን አላበላሽም።

አሁን ወደ ገመዱ እንሂድ።

ገመዱ ከፔዳሉ ሥር ይነሳል። ፊት ለፊቱ ያለው ጫፍ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ፔዳሉ ላይ ያለ መንጠቆ ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ በወለሉ መሃል ጉብ ብሎ በሚያልፈው ቦይ ውስጥ፣ በቀጭን ቱቦ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከሁለት ሜትር በላይ ነው። ካምቢዮው አጠገብ ሲደርስ በተጠማዛዥ ቱቦ ውስጥ ያልፍና በግራ በኩል ካለው ክንድ ጋር ይገናኛል። ጫፉ ጥርስ ያለው ብሎን ነው። ዳዶው፣ ብሎኑ ላይ እየዞረ ገመዱን የሚያጠብቀውና የሚያላላው፣ እዚያ ላይ ነው። የቆዩት መኪኖች ላይ አንዱ ሌላውን የሚቆልፍ ሁለት ዳዶ ታገኛላችሁ። በኋላ በመጡት ላይ ክንፍ ያለው፣ በእጅ የሚዞር አንድ ዳዶ አለ።

የኋላ ግራ ጎማውን ብታወጡ ሥራው ይቀላል። የፊት ጎማዎቹን ከሁለቱም በኩል ድንጋይ አድርጉላቸው። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ተይዛ ሥሯ የሚገባ ሰው እዚህ ካለ፣ እባካችሁ ቤተሰቡ ይምከረው። ጠንካራ መቆሚያ አድርጉ። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመያዝ አይደለም።

ዳዶው ላይ የዓመታት ጭቃ ታገኛላችሁ። ቶሎ ወደ ፒንሳ አትሩጡ። ከቀኑ በፊት ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ንፉበት፣ ጠዋት ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱት። ሳያጸዱ የሚያዞሩ ሰዎች ዳዶው አይዞርላቸውም፤ የሚዞረው ገመዱ ነው። ገመድ ሲጠማዘዝ ደግሞ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ስለዚህ በአንድ እጃችሁ የገመዱን ጫፍ በፒንሳ ያዙ። በሌላው ዳዶውን አዙሩ።

ወደ ቀኝ ስታዞሩት ባዶ ጉዞው ያጥራል። ወደ ግራ ስታዞሩት ይረዝማል። ክንፍ ያለው ዳዶ ክንፎቹ ክንዱ ላይ ያለ ጎድጓዳ ውስጥ ገብተው ነው የሚቀመጡት፤ ስለዚህ በግማሽ በግማሽ ዙር ነው የምትሄዱት። ግማሽ ዙር አዙሩ፣ ክንፎቹ ቦታቸውን መያዛቸውን አረጋግጡ፣ ከዚያ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ረግጣችሁ ለኩ። ልኬቱ በእጅ ነው። እግር ሸካራ ነው፣ አይሰማውም። ማስመሪያውን ከወለሉ አስደግፉና ፔዳሉን በጣት እየገፋችሁ ክብደት እስኪመጣ ስንት እንደሄደ አንብቡ። 15 ሚሊ ሜትር ካገኛችሁ እጃችሁን አንሱ። ከዚያ በላይ ማሳመር አያስፈልግም።

ቁጥሩን ጻፉት። እኔ የጓንት መያዣው ውስጥ ትንሽ ደብተር አለችኝ። ቀን፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ ባዶ ጉዞ። ሦስት መስመር ሲሞላ መኪናዋ ራሷ ታሪኳን ታወራለች። 16፣ 13፣ 9 ካለ ሸራው እየሄደ ነው። ዳዶውን እያላላችሁ እያላላችሁ የብሎኑ ጥርስ ጫፍ ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ ማስተካከሉ አብቅቷል። ሞተር የማውረጃ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሩ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ልንገራችሁ። ያ ተጠማዛዥ ቱቦ ዝም ብሎ የተንጠለጠለ አይደለም። ወደ ታች ረገብ ማለት አለበት። ከአንዱ ጫፉ ወደ ሌላው ጫፉ ቀጥ ያለ ክር የተዘረጋ አድርጋችሁ አስቡ። የቱቦው መሃል ከዚያ ክር ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ያ መርገብ የገመዱን እንቅስቃሴ ያለዝበዋል። ቱቦው ቀጥ ካለ መኪናዋ ስትነሳ እንደ ፈሪ በቅሎ ትንቀጠቀጣለች። ብዙ ሰው ያን መንቀጥቀጥ አይቶ ፍሪሲዮን ይቀይራል። ሞተር አውርዶ፣ አዲስ ዕቃ ገዝቶ፣ መልሶ ገጥሞ ሲነዳት አሁንም ትንቀጠቀጣለች። መድኃኒቱ ከቱቦው ጫፍ፣ ካምቢዮው ላይ ካለው መያዣ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ አንድ ሁለት ሮንዴላ፣ መሃሏ ቀዳዳ የሆነ ስስ ክብ ብረት፣ መጨመር ሊሆን ይችላል። ሮንዴላ! ከዳቦ የረከሰች።

ከመጠን በላይ ከረገበም ጥሩ አይደለም። ገመዱ በቱቦው ግድግዳ ላይ እየተፋተገ ፔዳሉን ያከብደዋል፣ እሱም ቶሎ ይበጠሳል።

አንድ ሌላ የተደበቀ በሽታ አለ። በወለሉ ቦይ ውስጥ ያለው ቀጭን ቱቦ በብየዳ ነው የተያዘው። ብየዳው ከዓመታት በኋላ ይለቃል። ያኔ ፔዳሉን ስትረግጡ ቱቦው ራሱ ይንቀሳቀሳል። ዛሬ ታስተካክላላችሁ፣ ነገ ተበላሽቶ ታገኙታላችሁ። አንድ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው ከኋላ ሆኖ ቱቦው የሚወጣበትን ቦታ ይይ። ወጣ ገባ የሚል ከሆነ ሥራው የበያጅ ነው፤ ቦዩ በመስኮት መልክ ተከፍቶ ቱቦው እንደገና ይበየዳል። ይህን በሽታ ሳታውቁ ሦስት ገመድ ብትቀይሩ ለሻጩ ነው የጠቀማችሁት።

አንድ እህት እጅ አውጥታለች። ጥያቄዋ፦ «ገመዱ መንገድ ላይ ቢበጠስስ?»

ደርሶብኛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። መብራት ላይ ፔዳሉን ረግጬ ቆሜ ሳለሁ ጣ አለና እግሬ ወለሉ ላይ ተለጠፈ። ሞተሩ በማርሽ ላይ ስለነበር መኪናዋ ዘለለችና ጠፋች። መጀመሪያ ያደረግኩት ጎንበስ ብዬ ፔዳሉን ማየት ነው። አንዳንዴ ገመዱ ሳይበጠስ ቀለበቱ ብቻ ከመንጠቆው ይወልቃል። ከልክ በላይ የላላ ገመድ ይህን ያደርጋል። ስለዚህ ተበጠሰ ብላችሁ ከማልቀሳችሁ በፊት አረጋግጡ። የኔው ተበጥሶ ነበር።

ቮልስ ያለ ፍሪሲዮን ትነዳለች። ሞተሩ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ ታስገቡና መንገዱ ነፃ ሲሆን ቁልፉን ታዞራላችሁ። ማስነሻ ሞተሩ መኪናዋን ይገፋታል፣ ሞተሩም በዚያው ይነሳል። ትንገጫገጫለች፣ ግን ትሄዳለች። ወደ ሁለተኛ ለመግባት ነዳጁን ትለቃላችሁ፣ ማርሹን ቀስ ብላችሁ ታወጣላችሁ፣ የሞተሩ ድምፅ ሲወርድ ሳታስገድዱ ወደ ሁለተኛ ትስቡታላችሁ። ከገባ ገባ፣ ካልገባ አትታገሉ። መቆም ስትፈልጉ ማርሹን አውጥታችሁ ፍሬን። ሲመለስ ደግሞ እንደ መጀመሪያው። ማስነሻውና ባትሪው አይወዱትም። በቀን በዚያ ትራፊክ ውስጥ አትሞክሩት፤ ሰው ልታስጎዱ ትችላላችሁ። እኔ ማታ ባዶ መንገድ ላይ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ ቤቴ ደረስኩ። በማግስቱ የወጣውን ገመድ ሳየው ከጥርሱ አጠገብ ሽቦዎቹ ተፈታተው እንደ ጭራ ሆነዋል። ሁለት ወር በፊት ያለ ፒንሳ ዳዶውን ያዞርኩት እኔው ነበርኩ።

ሞተር ስለማውረዱ ባጭሩ ላንሳ፤ ሥራው ራሱን የቻለ ንግግር ነው። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው። መጀመሪያ ባትሪውን አላቅቁ፣ የነዳጁን ቱቦ በደንብ ድፈኑ። ክብደቱ ከአንድ ኩንታል በላይ ስለሆነ ሁለት ሰውና ጥሩ ክሪክ ያስፈልጋል። ከወረደ በኋላ ትልቁ ስህተት አቧራውን በአየር መንፋት ነው። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ አለባቸው፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ዲስኩን ስታዩ ሸራውን የያዙትን ምስማሮች ፈልጉ። ከሸራው ወለል በታች ጠልቀው መታየት አለባቸው። ምስማሩ ከሸራው ጋር እኩል ሊሆን ከተቃረበ ዲስኩ ያለቀ ነው። እኩል ከሆነማ ቮላኖውን መቧጨር ጀምሯል። ቮላኖው ላይ በጣታችሁ ሂዱ። ጉድጓድ፣ ስንጥቅ፣ በሙቀት የመጣ ሰማያዊ ቀለም ካለ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል።

ዲስኩ ዘይት ከነካው አሽትቱት። የሞተር ዘይት ከሆነ ከሞተሩ በቮላኖው በኩል ካለው ሲል፣ ዘይት ከሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ነው የመጣው። የድኝ ዓይነት ሽታ ካለው ግን የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ያኔ የሚቀየረው የካምቢዮው ሲል ነው። ምንጩን ሳታውቁ አዲስ ዲስክ ብትገጥሙ በወሩ ትመለሳላችሁ። ዘይት የጠጣን ዲስክ በቤንዚን አጥቦ መመለስ የሚባል ነገር አለ። አውቃለሁ፣ ሁላችንም ሠርተነዋል። ዘይቱ ከውስጥ ሲሞቅ እንደገና ይወጣል። አትሞክሩት።

ዕቃ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። የቆዩት 1200ዎች ዲስክ 180 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ1500 እና የ1600 ደግሞ 200 ሚሊ ሜትር። በዚያ ላይ ካምቢዮው ላይ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ አቀማመጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተቀይሯል፤ የሚጫነው ሰሌዳም መሃሉ ላይ ቀለበት ያለውና የሌለው አለ። ሻጩ «ያው ነው፣ ይገጥማል» ይላችኋል። ይገጥማል፣ አይሠራም። ግማሾቻችን የምንነዳቸው መኪኖች ደግሞ ሞተራቸው ከአንድ ዓመተ ምሕረት፣ ካምቢዮአቸው ከሌላ ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ የወጣውን ብረት እመኑ።

ስትገጥሙ ዲስኩን መሃል ላይ አስተካክሉ። ለዚህ የተሠራ እንጨት ወይም የድሮ የካምቢዮ ዘንግ ይበቃል። ስድስቱን ብሎኖች በየተራ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከማዶ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። የመጨረሻው መጥበቂያ 25 ኒውተን ሜትር ነው። በጉልበት የሚያጠብቁ ልጆችን ከመኪናችሁ አርቁ። ከተገጠመ በኋላ ገመዱን እንደገና መለካት አትርሱ፤ አዲሱ ዲስክ ወፍራም ስለሆነ የድሮው ማስተካከያ አይሆነውም።

አንድ ወጣት ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ «ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። የሚመጣው ሁሉ ኤሌክትሪክ ነው፣ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለውም። ታዲያ ይህን መማር ምን ይሠራል?» እውነቱን ነው። ልጄ በኤሌክትሪክ መኪና መንዳት እየተለማመደች ነው፤ ግራ እግሯ ሥራ ፈት ነው። ቢሆንም ውጭ የቆሙት አሥራ አንዱ የትም አይሄዱም። ያንተም መኪና ከነሱ አንዷ ናት መሰለኝ፤ ያችኛዋ ድንጋይ ያላት።

ንግግሩ ሲያልቅ ሁላችንም ወደ ውጭ ወጣን። ስለ ገመድ መበጠስ የጠየቀችው እህት ቀድማ የመኪናዋን በር ከፍታ ጎንበስ ብላለች። ፔዳሉን በጣቷ ገፋችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ባዶ ጉዞ የላትም» አለችኝ። «ገና ስነካው ይከብዳል።»

«በቅርቡ የነካው ሰው አለ?»

«ባለፈው ሳምንት ዳገት ላይ ስትንሸራተትብኝ…»

አልጨረሰችውም። ከአጠገባችን የነበረው መካኒክ ጃኬቱን አውልቆ አስፋልቱ ላይ ማንጠፍ ጀምሯል። እኔም ፒንሳ ፍለጋ ወደ መኪናዬ ሄድኩ።